ዋሱ ማን ነበር?

አክስቴ ባንክን ሙሉ በሙሉ አምነው አያውቁም። ለንደን ከገቡ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኗቸዋል፤ ደመወዛቸውም ኋላም ጡረታቸው የገባላቸው በባንክ በኩል ነው። ያም ሆኖ "ለክፉ ቀን" የሚሏት ገንዘብ ዛሬም በዳዊታቸው ገጾች መካከል ትቀመጣለች። ለፋሲካ ዶሮና እንቁላል ልገዛላቸው ስነሳ ከዚያው ዳዊት ውስጥ ባለ አምስት ፓውንድ የወረቀት ኖቶች አውጥተው ሰጡኝ። ባለሱቁ አንዷን ገልበጥ አድርጎ አያትና መለሰልኝ። "ይህማ የድሮው ነው፤ ከቀረ ቆየ" አለኝ።

ተመልሼ ስነግራቸው አክስቴ አልተቆጡም፤ ተገረሙ እንጂ። "እንዴት ይቀራል? የንግሥቲቱ መልክ አለበት። ቃል ገብተው የጻፉበት አይደለም እንዴ?" አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ኖቱ ላይ፣ ላመጣው ሰው በጠየቀ ጊዜ አምስት ፓውንድ እንደሚከፈለው ቃል የሚገባ ጽሑፍ አለ። የእንግሊዝ ባንክ ከገበያ ያወጣውን ኖት ጊዜው ምን ያህል ቢርቅ እንደሚቀይር ነገርኳቸውና ልባቸው ተረጋጋ። ለንደን ትሬድኒድል መንገድ ወዳለው ባንክ ሄጄ እንድቀይርላቸው ተስማማን።

ከመቀየሬ በፊት ግን አንዷን ኖት ወደ መስኮቱ ብርሃን አንስቼ አየኋት። የንግሥቲቱ ፊት ከወረቀቱ ውስጥ ብቅ አለ። ከላይ እስከ ታች የብረት ክር ተዘርግቷል። በጀርባዋ ነጭ ቆብ ያደረገች ሴት ለእስረኞች መጽሐፍ ስታነብ የሚያሳይ ሥዕል አለ። "ይቺ ደግሞ ማናት?" አሉ አክስቴ። ኤልዛቤት ፍራይ እንደምትባል፣ ለሴት እስረኞች ስትቆረቆር የኖረች እንደሆነች ነገርኳቸው። ከዚያ በላይ የማውቀው አልነበረም። ይልቅ ልቤን የያዘው ወረቀቱ ነበር። የት ተሠራ? ማን ሠራው? ፍለጋው ከለንደን በስተደቡብ ምዕራብ፣ ሃምፕሻየር ገጠር ውስጥ ቴስት በሚባል ወንዝ ዳር ወዳለች ላቨርስቶክ የምትባል መንደር ወሰደኝ።

ያገኘሁትን ታሪክ በሌላ ቀን ቡና ላይ ለአክስቴ አጫወትኳቸው። ስደተኛው ሰው ባዶ እጁን መጥቶ የአገሪቱን ገንዘብ ወረቀት ሠሪ ሆነ ብዬ፣ እንደ ድል ታሪክ አሳምሬ ነበር የነገርኳቸው። አክስቴ ስኒያቸውን አስቀመጡና አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ፦ "ዋሱ ማን ነበር?"

ጥያቄው ከዚያ ቀን ጀምሮ አለቀቀኝም።

## በወንዙ ዳር

በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። በ1685 የፈረንሳዩ ንጉሥ ሉዊ 14ኛ የናንትን አዋጅ ሲሽር የፕሮቴስታንት እምነት ተከታይ የሆኑት ሁጉኖቶች በገዛ አገራቸው እምነታቸውን ይዘው መኖር አልቻሉም። በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩት ባሕር ተሻግረው እንግሊዝ ገቡ። ሽመና የሚያውቅ ሽመናውን፣ ሰዓት የሚሠራ ሰዓቱን፣ ወረቀት የሚያውቅ ወረቀቱን ይዞ መጣ። ነጭ ወረቀት በዚያ ዘመን እንግሊዝ በብዛት ከውጭ የምታስገባው ዕቃ ስለነበር ሙያው ትልቅ ነገር ነው።

ሄንሪ ፖርታል ከእነዚህ ቤተሰቦች የአንዱ ልጅ ነው። ልጅ ሳለ በወይን በርሜል ውስጥ ተደብቆ ከፈረንሳይ እንደወጣ ቤተሰቡ ትውልድ ለትውልድ ሲያወራው ኖሯል። በርሜሉን ማንም ሊያረጋግጠው አይችልም፤ እኔም ሙግት ውስጥ አልገባም። መዝገብ የያዘው፣ ሳውዝሃምፕተን አጠገብ ከሚሠሩ ሁጉኖት ወረቀት ሠሪዎች ዘንድ እንደነበረ፣ በ1711 ዜግነት እንዳገኘና በዓመቱ ዊትቸርች አጠገብ ቢር የተባለውን የውኃ ወፍጮ እንደተከራየ ነው። ገና በሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ነበር። ብዙም ሳይቆይ እዚያው ወንዝ ላይ፣ ትንሽ ከፍ ብሎ ያለውን የላቨርስቶክን ወፍጮ ጨመረበት። በዚህ ቦታ ወፍጮ መኖሩ በ1086 በንጉሥ ዊሊያም የመሬት ቆጠራ ተመዝግቧል። ስንዴ ሲፈጭበት የኖረ ስፍራ ነው ወረቀት የሠራው።

ወንዙን ሄጄ ሳየው ለምን እንደተመረጠ ገባኝ። ቴስት ከኖራ ድንጋይ ውስጥ ተጣርቶ የሚወጣ ውኃ ነው። ክረምት ከበጋ አይደፈርስም፤ ከታች ያለው ጠጠርና ሣር ጥርት ብሎ ይታያል። ዝናብ ሲመጣ ድንገት አይሞላም፣ ሲጠፋም ቶሎ አይጎድልም። ለወፍጮ መዘውር ይህ ጸባይ ትልቅ ነገር ነው። ለወረቀት ደግሞ የባሰ ነው፤ ጭቃ ወይም የብረት ዝገት ያለበት ውኃ ነጩን ወረቀት ያበላሸዋል።

የላቨርስቶክ ወረቀት እንጨት አያውቅም። የተሠራው ከጨርቅ ነው፤ ከተልባና ከጥጥ። ጨርቁ በጆንያ ይመጣል። ሴቶች ቀጥ ብሎ የቆመ ስለት ባለው ገበታ ላይ ቆመው ቁልፉን ይነቅላሉ፣ ስፌቱን ይተረትራሉ፣ ይቆራርጣሉ፣ ይለያሉ። ከዚያ ይቀቀላል፣ ይታጠባል፣ ቃጫው ከቃጫው እስኪላቀቅ በውኃ ኃይል ይደቆሳል። መጨረሻ ላይ በትልቅ ገንዳ ውስጥ እንደ ቀጭን አጥሚት ይሆናል። ገንዳው ላይ የቆመው ሠራተኛ ከሽቦ የተሠራ ወንፊት አጥልቆ ያወጣል፤ ወዲህና ወዲያ ነቅነቅ ያደርገዋል። ውኃው ይንጠባጠባል፣ ቃጫው ይያያዛል። ሁለተኛው ሰው ወንፊቱን ተቀብሎ እርጥቡን ቅጠል በሱፍ ጨርቅ ላይ ይገለብጠዋል። ሦስተኛው ከተጨመቀ በኋላ አንድ በአንድ ይለየዋል። አንዲቱ ቅጠል የሦስት ሰው እጅ ነች፤ ከሦስቱ አንዱ ከተሳሳተ ትጣላለች።

በብርሃን ሲያዩት ብቅ የሚለው ምልክት የሚገባው በወንፊቱ ላይ ነው። ቀጭን ሽቦ በፊደልና በቅርጽ ተጠምዝዞ ይሰፋበታል። ሽቦው ባለበት ቃጫው ይሳሳል፣ የሳሳው ብርሃን ያሳልፋል። ማተሚያ ቤት አይጨምረውም፣ ቀለምም አይደለም። ወረቀቱ ሲወለድ አብሮት የሚወለድ ነው። ቅጠሉ ከደረቀ በኋላ ደግሞ ከቆዳ ፍርፋሪና ከሰኮና በተፈላ ሙጫ ውስጥ ይነከራል፤ ካልተነከረ ቀለም ይጠጣል። ይህን ሳነብ የአክስቴ አባት የሚጽፉበት ብራና ትዝ አለኝ። ለካ የአውሮፓም ወረቀት ለብዙ ዘመን ቆዳን ጨርሶ አልተወም ነበር።

## አክስቴ የጠየቁት

እንግዲህ ወደ ዋሱ። በ1724 ሄንሪ ፖርታል ለእንግሊዝ ባንክ የኖት ወረቀት እንዲያቀርብ ተመረጠ። ወረቀት የሚሠራ ሌላ ጠፍቶ አልነበረም። ሄንሪ ግን በሃምፕሻየር ኸርስሊ የሚኖር ሰር ዊሊያም ሄዝኮት የሚባል ባለጸጋ ወዳጅ ነበረው። የሰር ዊሊያም አጎት ሰር ጊልበርት ሄዝኮት ደግሞ በዚያች ዓመት የእንግሊዝ ባንክ ገዥ ነበር።

ይህን ለአክስቴ ስነግራቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። "አልኩህ እኮ። ሙያማ ስንቱ አለው!" አሉ።

አክስቴ በደርግ ጊዜ በሱዳን በኩል ነው የወጡት። ካርቱም ሳሉ አፈሳ ይዟቸው ያስወጣቻቸው መንገድ ዳር ሻይ የምትሸጥ ሱዳናዊት ናት። በስም እንኳ በደንብ አይተዋወቁም ነበር። ሴትዮዋ ጣቢያ ሄዳ "አውቃታለሁ፣ የኔ ሠራተኛ ናት" አለች፤ በቃ። አክስቴ ይህን ሲያወሩ ዛሬም ድምፃቸው ይለወጣል። ስለዚህ ስለ ስደተኛ የሚነገር ታሪክ ሁሉ ለእሳቸው ዋስ የሌለበት ከሆነ ያልተሟላ ነው። በርሜሉን የጫነው ማን ነበር? መርከቡ ሲፈተሽ ዝም ያለው ማን ነበር? ወፍጮውን ለባዕድ ያከራየውስ?

እኔ ታሪኩን የነገርኩበት መንገድ ግን የተለመደው ነው። ስደተኛ ሲሳካለት ጎበዝ ስለሆነ ነው እንላለን። ይህን የምንለው ለክብራችን ስንል ነው፤ ይገባኛልም። ግን ያልተሳካለት ሰነፍ ነበር ወደሚል ፍርድ ሳናውቀው ይወስደናል። ሄንሪ ጎበዝ ነበር። ላቨርስቶክን ለባንኩ የመረጠው ግን ጉብዝናው ብቻውን አልነበረም፤ ቃሉ የሚሰማ ሰው "አውቀዋለሁ" ስላለለት ነው።

ከዚህ አንድ ሌላ ሐሳብ መጣብኝ። ባንኩ በኖቱ ላይ የሚጽፈው ቃል ኪዳን ራሱ ዋስ ይፈልጋል። ማንም በቀለምና በላባ "እከፍላለሁ" ብሎ መጻፍ ይችላል። ባንኩ በ1694 እንደተቋቋመ ብዙም ሳይቆይ ሀሰተኛ ኖት ወጣበት። ቃሉ የባንኩ መሆኑን የሚመሰክርለት ወረቀቱ ነው፤ ያ ከሽቦው የሚወለድ ምልክት። ዋስ ያስፈለገው ስደተኛ የባንክን ቃል ዋስ ሠራ። "በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል" እንላለን፤ በላቨርስቶክ ግን የተጻፈውም ቢሆን የተጻፈበት ነገር ካልታመነ ዋጋ አልነበረውም።

## ሃሪየት ስኬልተን

እስከዚህ ድረስ የወፍጮውን ታሪክ በፍቅር ነበር የማነበው። ሐሳቤን የገለበጠው አንድ የ1818 ጉዳይ ነው።

መጀመሪያ ምክንያቱ። በየካቲት 1797 እንግሊዝ ከፈረንሳይ ጋር ጦርነት ላይ ነበረች። ጥቂት የፈረንሳይ ወታደሮች ዌልስ ጠረፍ ላይ አረፉ የሚለው ወሬ ሲሰማ ሰው ኖቱን ይዞ ወርቅ ስጡኝ እያለ ባንኮችን አጨናነቀ። መንግሥት ባንኩ ኖትን በወርቅ መቀየሩን እንዲያቆም አዘዘ። እገዳው እስከ 1821 ቆየ። ቃሉ ኖቱ ላይ እንዳለ ነው፣ ወርቁ ግን የለም፤ ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይህ ነው።

ሳንቲም ከገበያ ስለጠፋ ባንኩ ለመጀመሪያ ጊዜ የአንድና የሁለት ፓውንድ ኖት አወጣ። ከዚያ በፊት ትንሹ ኖት አምስት ፓውንድ ነበር፤ የገጠር ሠራተኛ በሕይወቱ ላያየው ይችላል። አሁን ግን ኖት ማንበብ በማይችለው ሰው እጅ ገባ። ሕትመቱ የተጣደፈና ቀላል ስለነበር ለሚኮርጅ ሰው አላስቸገረም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ሀሰተኛ ኖት አገሩን ሞላው።

የሀሰተኛ ኖት ቅጣት ደግሞ ሞት ነበር። በ1758 ሪቻርድ ቮን የሚባል የስታፎርድ የተልባ ጨርቅ ነጋዴ በዚሁ ወንጀል ተሰቅሏል። ያኔ ነገሩ ብርቅ ነበር። ከ1797 በኋላ ባሉት ዓመታት ግን በዚህ ምክንያት የተሰቀሉት ከ300 በላይ ናቸው። አብዛኞቹ የማተሚያውን ቅርጽ የሚሠራው ቀራጭና አታሚው አልነበሩም፤ አንዲት ኖት ይዘው ዳቦ ወይም ጨርቅ ሊገዙ የወጡ ድሆች ነበሩ። በ1801 የወጣ ሕግ ሀሰተኛ ኖት ይዞ መገኘትን ብቻውን የ14 ዓመት ግዞት አደረገው። ከዚያ ወዲህ ማን በቀላሉ ክስ ወደ አውስትራሊያ ይላክ፣ ማን በከባዱ ይከሰስ የሚለው በአመዛኙ በባንኩና በጠበቆቹ እጅ ነበር። ወረቀቱን የሚጠብቀው የሽቦ ምልክቱ ብቻ አልነበረም ማለት ነው። ገመዱም ነበር።

ሃሪየት ስኬልተን ሀሰተኛ ኖት አሳልፋ በመስጠት የተከሰሰች ሴት ናት። በባሏ ተገፋፍታ እንዳደረገችው ይነገር ነበር። ሞት ተፈረደባትና ለንደን ኒውጌት እስር ቤት ተቀምጣ ቀኗን ስትጠብቅ፣ እስር ቤቱን የምታዘወትር ሴት መጣችላት። ኤልዛቤት ፍራይ ናት። ከተፈረደባት ጋር ተቀመጠች፣ ከዚያ ወጥታ ደጅ ለደጅ ዞረች። የንጉሡን ቤተሰብ የግሎስተርን መስፍን አመጣች፤ እሱም ኒውጌት ድረስ ሄዶ አይቷት አማለደ። ባንኩን ለመኑ። የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትሩን ሎርድ ሲድማውዝን ለመኑ። ሲድማውዝ ተቆጣ እንጂ አልራራም። ስኬልተን በሚያዝያ 1818 ተሰቀለች።

ይህን ያነበብኩት ማታ፣ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ሆኜ ነው። ስሙ ዓይኔ ላይ ቀረ፤ ኤልዛቤት ፍራይ። የአክስቴ ኖት ላይ ያለችው ሴት ናት! የእንግሊዝ ባንክ በ2002 በባለ አምስት ፓውንዱ ጀርባ ያሳተማት፣ ለኒውጌት እስረኞች ስታነብ የሚያሳየው ሥዕል። ባንኩን ስለ አንዲት ኖት አሳላፊ ሕይወት ለምና እምቢ የተባለች ሴት፣ ከመቶ ሰማንያ አራት ዓመት በኋላ በራሱ በባንኩ ኖት ላይ ወጣች። ወረቀቱም እነዚያ ፖርታሎች ከጀመሩት ሥራ የወጣ ነው።

ብዙ ጊዜ ተቀምጬ አሰብኩ። ባንኩ ይህን ያደረገው ስኬልተንን አስቦ ነው ለማለት አልደፍርም። ግን ኖቱን በኪሳችን ይዘን የዞርን ሚሊዮኖች፣ ያ ሥዕል የሚያሳየው ምሕረት የተለመነበትን ወንጀል አናውቅም ነበር። ሴትየዋ ለእስረኞች ታነባለች፤ ከእስረኞቹ መካከል ግን ይህንኑ ወረቀት ስለነኩ ሊሞቱ የተቀመጡ ነበሩ። የአክስቴ ጥያቄ ያኔ ሙሉ ትርጉሙ ገባኝ። ሄንሪ ፖርታል በአንድ ወዳጅ ቃል ሦስት መቶ ዓመት ሊሞላ የተቃረበ ሥራ አገኘ። ስኬልተን ግን፣ ፍራይና መስፍኑ ዋስ ሆነው ቆመውላትም አልተረፈችም። ወረቀቱ የተከበረው ድሃን በማስፈራራትም ጭምር ነው። ይህን ሳያወሩ ስለ ላቨርስቶክ ጥበብ ብቻ ማውራት ከዚያ ወዲህ ይከብደኛል።

ለሀሰተኛ ገንዘብ መስቀል በ1830ዎቹ ቀረ። ኖቱ ግን አልወደቀም፤ ዛሬም ድረስ ይታመናል። እኔ ከዚህ የምረዳው ገመዱ ያኔም አስፈላጊ እንዳልነበረ ነው።

## የቡትቶ አዳራሽ

ፖርታሎች በዚያ ዘመን የአገር ባለጸጎች ሆነው ነበር። የሄንሪ ልጅ ጆሴፍ በ1759 የላቨርስቶክን ርስት ገዛ፤ ኋላም ሰፊ መኖሪያ ቤት ተሠራ። በ1820ዎቹ በፈረሱ በዚያ ያለፈው ጋዜጠኛ ዊሊያም ኮቤት የአካባቢው ገበሬ ያንን ቤት "የቡትቶ አዳራሽ" እያለ እንደሚጠራው ጽፏል። ኮቤት የወረቀት ገንዘብን አጥብቆ የሚጠላ፣ ለገበሬው የሚሟገት ሰው ነበር። ስሙን ያወጣው ገበሬ እውነቱን አልሳተም፤ ያ ሁሉ ድንጋይ የተከመረው በጨርቅ ላይ ነው። ጨርቁን የለዩት ሴቶች ደግሞ አቧራውን ቀኑን ሙሉ ሲስቡ ይውላሉ። ስማቸውን ፈልጌ በመጻሕፍት አላገኘሁም።

ወረቀቱን መኮረጅ ያቃተው ሌላ መንገድ መሞከሩ አልቀረም። በ1862 ከወፍጮው ሠራተኞች በተሰረቀ እውነተኛ ወረቀት ላይ ሀሰተኛ ኖት ታተመ። ቀራጩ የበርሚንግሃም ሰው ነበር። ነገሩ ሲታወቅ አገሩ ተሸበረ፤ ወረቀቱ እውነተኛ ከሆነ ሰው በምን ይለየዋል? በጥር 1863 ለንደን በተደረገው ችሎት ቀራጩ የዕድሜ ልክ ተፈረደበት። አርባ ዓመት ቀደም ብሎ ቢሆን ሁሉም ይሰቀሉ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ያለውን በአጭሩ ልለፈው። ወፍጮው ከ1860ዎቹ ጀምሮ ለሕንድ ሩፒ ወረቀት ሠራ፤ ኋላም ለብዙ አገሮች። በ1922 ሥራው ጥቂት ኪሎ ሜትር ራቅ ብሎ ኦቨርተን ባቡር ጣቢያ አጠገብ ወደተሠራው አዲስ ፋብሪካ መዛወር ጀመረ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ናዚዎች በዛክሰንሃውዘን ማጎሪያ እስረኞችን አስገድደው ወደ 9 ሚሊዮን የሚጠጋ የእንግሊዝ ሀሰተኛ ኖት አሳተሙ። ባንኩ በ1943 ከአምስት ፓውንድ በላይ ያሉትን ኖቶች ማውጣት እስኪያቆም ድረስ አናወጡት። እዚህም ላይ ሀሰተኛውን የሠሩት እጆች የራሳቸው ምርጫ ያልነበራቸው ሰዎች መሆናቸው ያማል። በአክስቴ ኖት ውስጥ ያየሁት የብረት ክር የዚያው ዘመን ነው፤ ባንኩ ለመጀመሪያ ጊዜ በ1940 በአንድ ፓውንድ ኖት አስገባው።

## ኦቨርተን

ወደ ላቨርስቶክ በባቡር ሄጄ ነበር። ከለንደን ዋተርሉ ተነስቶ ኦቨርተን ወርዶ በእግር መሄድ ይቻላል፤ መንገዱ ያምራል። የድሮው ወፍጮ ከ2014 ጀምሮ የቦምቤይ ሳፋየር ጂን መጥመቂያ ነው። ከቀይ ሸክላዎቹ ሕንፃዎች መካከል ሁለት ትላልቅ የመስታወት ቤቶች እንደ ፏፏቴ ጎንበስ ብለው ወንዙ ላይ ይወርዳሉ፤ ጂኑ የሚቀመምባቸው ተክሎች ለናሙና እዚያ ውስጥ ይበቅላሉ። ግንቡ ተጠግኗል፣ በሲሚንቶ ታፍኖ የነበረው ወንዝም ተከፍቷል። ሕንፃው ከመፍረስ መትረፉ ደስ አሰኝቶኛል። አስጎብኚዎቹ ስለ ገንዘቡ ወረቀትም ይነግራሉ።

ልቤ የቀረው ግን ኦቨርተን ነው። የእንግሊዝ ባንክ በ2016 ባለ አምስት ፓውንዱን ከወረቀት ወደ ፕላስቲክ ቀየረ። አሥሩ፣ ሃያው፣ ሃምሳው ተከተሉ። በመስከረም 2022 የመጨረሻዎቹ የወረቀት ኖቶች ከገበያ ወጡ። ፕላስቲኩ አይቀደድም፣ ውኃም አይፈራም፤ ለዚህ አላለቅስም። በዚያው ዓመት ግን የኦቨርተን ፋብሪካ ሊዘጋ መሆኑ ተሰማ። የ1724ቱ ውል ሦስት መቶ ዓመት ሊሞላው ሁለት ዓመት ቀርቶት ነበር።

ጣቢያው ላይ ባቡር ስጠብቅ የማስበው ስለ ጨርቅ ለዪዎቹ ሴቶች ነበር። ስለ ሄንሪ ብዙ ተጽፏል፣ ስለ ሄዝኮት ተጽፏል፣ ስለ ተሰቀሉት እንኳ የፍርድ ቤት መዝገብ አለ። ጆንያ ሲፈቱ፣ ቁልፍ ሲነቅሉ የኖሩት ግን በመጻሕፍት ውስጥ "ሴቶች" ብቻ ናቸው። የኦቨርተን ሠራተኞች ዕጣ እንደዚያ መሆን የለበትም። ወንፊት ላይ ፊት የሚቀርጹ፣ ወረቀቱን በጣታቸው ነክተው የሚያውቁት፣ በሌሊት ፈረቃ ማሽኑን የጠበቁ ሰዎች ዛሬ በሕይወት አሉ። ከጣቢያው ብዙም ሳይርቁ፣ እዚያው መንደሮች ውስጥ ነው የሚኖሩት። አንድ ሰው መቅጃ ይዞ በሮቻቸውን ማንኳኳት አለበት፤ ስማቸውን፣ የሠሩበትን ክፍል፣ ሥራውን ያስተማራቸው ማን እንደነበር መጠየቅ አለበት። ጊዜው አሁን ነው።